ከጓንቱ በፊት ማብሪያው

ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ያለውን ሰው «ለሠራተኞችህ ምን መከላከያ ገዛህላቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ቀድሞ የሚነግራችሁ ጓንት ነው። ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ የማውቃቸው የሙያ ጓደኞቼ ሁሉ ጓንት አላቸው። ዋጋው አይከብድም፣ የትም ሱቅ ይገኛል፣ ያጠለቀውም ሰው የተጠነቀቀ ይመስላል። እኔ ግን ክብ መጋዝ ባለው ሰርኩላር ማሽን ፊት የቆመ ሰው እጁ ላይ ጓንት ባየሁ ቁጥር ልቤ ስቅል ይላል።

ምክንያቱን ላስረዳ። 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መጋዝ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። በሰዓት ሲሰላ ከ180 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ባዶ ጣት ይህን ጥርስ ቢነካ ይቆስላል፣ ሊቆረጥም ይችላል፤ ሰውየው ግን ደንግጦ እጁን የመሰብሰብ ዕድል አለው። ጓንት ያጠለቀ እጅ ሲነካው መጀመሪያ የሚያዘው ጨርቁ ነው። ጥርሱ ክሩን ይይዛል፣ ይጠቀልላል፣ ጣቱን አልፎ መዳፉን ጭምር ወደ ራሱ ይጎትታል። በዚያ ላይ ጓንት የእጅን ስሜት ይነሳል። እንጨቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ መጋዙ ሲከብደው ከጆሮም ከዓይንም ቀድሞ የሚያውቀው መዳፍ ነው።

ስለዚህ ጣውላ ሲወርድ፣ ስንጥር ያለበት እንጨት ሲደረደር ጓንት ይጠለቅ፤ የሚዞር ማሽን ሊነሳ ሲል ይውለቅ። ሰርኩላርም ይሁን እንጨት የሚልገው ፕላነር ወይም የቁም መሰርሰሪያ ደንቡ አንድ ነው። የዛፍ መቁረጫው የሰንሰለት መጋዝ ብቻ ይለያል። እሱ በሁለት እጅ ተጨብጦ ስለሚሠራበት ጓንት ይፈልጋል፤ የራስ ቁር፣ የፊት መከለያና ሰንሰለቱን ጠልፎ የሚያስቆም ክር በውስጡ ያለበት ሱሪም ይፈልጋል። ገጠር ወጥተው ባሕር ዛፍ የሚጥሉ ልጆች በቁምጣና በበረባሶ ሲሠሩ ሳይ በጣም አዝናለሁ፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

እኔ በቴክኒክና ሙያ የእንጨት ሥራ ተምሬ፣ ዛሬ ደሴ ላይ አነስተኛ ሥራ ቤት አስተዳድራለሁ። ማሽኑንም ራሴ እሠራበታለሁ። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ በርና መስኮት እንሠራለን፤ ኮምቦልቻም ወርደን የወጥ ቤት ካቢኔ እንገጥማለን። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሠራተኛው አለባበስ ጭራሽ አይገናኝም። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ከጦሳ የሚወርደው የጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ሰዉ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሻርፑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቱ ስቦ ማሽን ያስነሳል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ እዚያ ሥራው በካናቴራና በነጠላ ጫማ ነው። ደሴ ላይ የሚያስፈራኝ የሚጠለፈው ልብስ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የሚያስፈራኝ ባዶው እግር።

እኛ ዘንድ ጋቢና ሻርፕ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ለብርዱ ከውስጥ ይደረባል፤ ከላይ እጅጌው አንጓ ላይ በላስቲክ የሚጠብቅ ቱታ ይለበሳል። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል። ማተብ ያለው ማተቡን ወደ ውስጥ ይከተዋል። አብረውን ከሚሠሩት ልጆች አንዷ ለሂጃቧ ጥሩ መላ አበጅታለች። ሁለቱን ጫፍ አገጯ ሥር አቋርጣ ወደ ማጅራቷ ወስዳ ታስረውና የቱታዋን ዚፕ እስከ አንገቷ ትስበዋለች። መርፌ ቁልፍ አትጠቀምም፤ ተፈትቶ ቢወድቅ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያም መጋዙ ላይ ነው የሚያርፈው። የቀረነው ሴቶችም ጸጉራችንንና ሻሻችንን የምንይዘው እሷ ባሳየችን መንገድ ነው። ኮምቦልቻ ለገጠማ ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ምንም ቢሆን ሴፍቲ ጫማ ያላደረገ ሰው መኪና ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰው ስለ መከላከያ ሲያስብ ገላው ላይ የሚለብሰውን ብቻ ያስባል። እኔ ቀድሜ የማየው የማሽኑን ማብሪያ ነው።

እኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ብዙ ሥራ ቤት ውስጥ ያለው ሰርኩላር እዚሁ የተበየደ ነው፤ ከላይ የብረት ጠረጴዛ፣ ከታች ሞተር፣ በመካከሉ ፑሌጃና ቺንጋ። ማብሪያው ግድግዳ ላይ ያለ ተራ ብሬከር ነው። ጣውላ እየተሰነጠቀ መብራት ሲሄድ ማሽኑ ጸጥ ይላል፤ ብሬከሩ ግን እንደበራ ነው። ሰዉ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ቡና ይጠጣል። ከዚያ አንዱ «እስከዚያው ልጥረግ» ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ ሰጋቱራውን ይዝቃል። ሌላው የደነዘዘውን ዲስክ፣ ማለትም ክቡን መጋዝ፣ ሊቀይር መፍቻ ያነሳል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ቢመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። መነጽርም ጫማም የራስ ቁርም እዚህ ላይ ምንም አያደርግም።

መፍትሔው ኮንታክተር ያለው ማብሪያ ነው። አረንጓዴውን ቁልፍ ስትጫኑ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔት ይሆንና መገናኛውን ስቦ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ይነሳል። መብራት ሲሄድ ማግኔቱ ይለቃል፣ መገናኛው ይከፈታል። መብራቱ ሲመለስ አንድ ሰው መጥቶ አረንጓዴውን እንደገና ካልተጫነ በቀር ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ሥራ የሚያውቅ ኤሌክትሪሻን በግማሽ ቀን ይገጥመዋል፤ ወጪውም ከአንድ ቁምሳጥን ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ሲገጠም ሁለት ነገር አብራችሁ ጠይቁ። አንደኛው ሞተሩ ሲጨናነቅ የሚያጠፋው ሪሌይ ነው። ሁለተኛው ቀዩ ትልቅ የማቆሚያ ቁልፍ ነው፤ እሱን ጭን በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ሁለት እጁ እንጨት ላይ ያለ ሰው በጭኑ ገፍቶ ማሽኑን ማጥፋት መቻል አለበት።

ይህን ስናስገጥም ሁላችንም አያ የምንላቸው አንጋፋው አናጺያችን ብዙም አልተዋጠላቸውም ነበር።

«ልጄ፣ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ። መብራት ሲሄድ እጄ ራሱ ነው ብሬከሩን የሚያወርደው» አሉኝ።

«አያ፣ አንቱማ ያወርዱታል። ልጆቹ ግን ገና አልለመዱም፤ አንቱ ሶላት ሊሰግዱ በወጡበት ሰዓት መብራት ቢሄድስ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። ቀዩ ቁልፍ የት ቢሆን እንደሚሻል ያሳዩንም እሳቸው ናቸው። የጭናቸውን ቁመት በክንዳቸው ለክተው፣ አጭሯ ልጅም እንድትደርስበት ትንሽ ዝቅ አስደረጉት።

ዲስክ ሲቀየር ደግሞ ኮንታክተር ብቻውን አይበቃም። ዋናው ብሬከር ይወርዳል፣ ሣጥኑ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ዲስኩን በሚቀይረው ሰው ኪስ ይገባል። ከውጭ የመጣ ሰው «ማሽኑን ማን አጠፋው?» ብሎ ብሬከሩን እንዳያነሳው ነው።

ቀጥሎ የማየው ከመጋዙ ኋላ ያለውን ነው። እዚህ ላይ ባሕር ዛፍን ማንሳት ግድ ነው። ወሎ ውስጥ ከየትኛውም እንጨት ይልቅ በእጃችን የሚገባው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ ኃይል ያጠራቅማል፤ የውጩ ክፍል እንደተወጠረ፣ የመሐሉ እንደታመቀ ይኖራል። በቁመቱ ስትሰነጥቁት ያ ኃይል ይለቀቅና ጣውላው ይጎብጣል። አንዳንዱ ከመጋዙ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ግን የተቆረጠበትን ክፍተት መልሶ ይዘጋና ዲስኩን ከኋላ ይነክሰዋል። በደንብ ያልደረቀው ደግሞ ይብሳል። የመጋዙ የፊት ጥርስ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ወደታች ይጫነዋል፤ የኋላው ጥርስ ግን ወደ ላይ እየወጣ ነው። እንጨቱ እዚያ ከተያዘ ይነሳና በዲስኩ ፍጥነት ወደሚገፋው ሰው ይወረወራል። ሆድ ወይም ደረት ይመታል። እጅም እንጨቱን እንደጨበጠ አብሮ ተስቦ ዲስኩ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ለዚህ የተሠራው መከላከያ ከዲስኩ ኋላ ልክ በመስመሩ የሚቆም ስስ ብረት ነው። ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ጣውላው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ከውጭ ከሚመጡት ማሽኖች ጋር አብሮ ይመጣል፤ እዚህ በሚበየዱት ላይ ግን አላይም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የነበረን ማሽን ሄደብን። ከዚያ በኋላ የገዛነው ያገለገለ ማሽን ሲመጣ ያ ብረትም የላይኛው ሽፋንም አልነበረውም፤ የቀረው ብሎን የነበረበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ብረቱን እዚሁ አሠራነው። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ ወፈር፣ ጥርሱ ከሚቆርጠው ክፍተት ሳሳ ማለት አለበት። የእኛ ዲስክ 3 ሚሊ ሜትር ከፍቶ ስለሚሄድ 2.5 ሚሊ ላሜራ አስቆረጥን። ከጥርሱ ጋር ያለው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሆኖ የዲስኩን ክብ ተከትሎ ጎበጥ እንዲል፣ ጫፉም በሞረድ እንዲለሰልስ ተደረገ። ሲገጠም ቀጥ ያለ ጣውላ ከዲስኩ ጋር አስጠግተን አየነው፤ ወደ ጎን ያፈነገጠ ብረት እንጨቱን ራሱ ያስይዘዋል። አሁን ባሕር ዛፍ ስንሰነጥቅ ጣውላው ክፍተቱን ሊዘጋ ሲል ብረቱን ጫን ሲያደርገው ድምፁ ይሰማል፤ ግን ያልፋል።

ብረቱ ቢኖርም ከዲስኩ ትይዩ አትቁሙ፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን። ልጆችና ደንበኞችም በዚያ መስመር ላይ አይቁሙ፤ እኛ አገር ደንበኛ በሩ እንዴት እንደሚወጣ ለማየት ማሽኑ ድረስ ይመጣል፣ በአክብሮት ዘወር ይበሉ ማለት ያስፈልጋል። ዲስኩ ከጣውላው በላይ ጥርሱን ያህል ብቻ ይታይ። ጠባብ እንጨት በጣት አይገፋም፤ መግፊያ እንጨት ይኑራችሁ፣ ማሽኑ ጎን በገመድ ይንጠልጠል። መሬት ላይ ከተቀመጠ ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ዲስኩ መዞሩን እስኪተው ቁርጥራጩን አትንኩ። ከፈረሰ ቤት የወጣ እንጨት ሲመጣ ማግኔት አሳልፉበት፤ ውስጡ የቀረ ሚስማር የዲስኩን ጥርስ ነቅሎ ይወረውረዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን ይህን ነው። ብረት መቁረጫና መሞረጃ በሆነችው ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ አትግጠሙ። ይህ ነገር ደሴም ኮምቦልቻም እየተለመደ መጥቷል። በር ለመገጣጠም ቤት የሚሄድ ልጅ ሰርኩላር ተሸክሞ መሄድ ስለማይችል ትንሿ ግራይንደር ላይ ባለ ጥርስ ዲስክ ገጥሞ ኮምፔንሳቶ ይቆርጣል፤ ትልቅ ዲስክ እንዲገባለትም ሽፋኑን ይፈታዋል። ትንሿ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ትዞራለች። የእንጨት ዲስኩ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ወሰን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ነው። ማሽኗ እንጨት ላይ የምትደገፍበት ሰሌዳ የላትም፣ ከኋላ የሚከፍት ብረት የላትም። ጥርሱ እንጨቱን ሲነክስ ከእጅ ታመልጣለች፤ የምታመልጠውም ወደ ጭን፣ ወደ አንገት፣ ወደ ፊት ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ሽፋኑ በራሱ የሚመለስ ትንሽ ሰርኩላር ገበያ ላይ አለ። ያ ካልተቻለ የእጅ መጋዝ አለ። ልጁ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ወደ ቤቱ በሁለት እጁ ይገባል።

ስለ መነጽር አጭር ልበል። የፀሐይ መነጽር የሥራ መነጽር አይደለም፤ ሲመታ ራሱ ይሰበራል። ስትገዙ መስተዋቱ ወይም እጀታው ላይ ‹ኢኤን 166› ወይም ‹ዜድ 87› የሚል ምልክት በላቲን ፊደል መቀረጹን ዳበስ አድርጋችሁ እዩ። ጎኑም የተሸፈነ ይሁን፤ ሰጋቱራው ከጎን ነው የሚገባው። በሐኪም መነጽር የምታዩ ከላዩ የሚደረበውን ሰፊውን ፈልጉ።

ጆሮ ግን ሰው የሚንቀው ነገር ነው፤ ስለማይደማ ይመስለኛል። ድምፅ ዴሲቤል በሚባለው መለኪያ 85 ሲሆን 8 ሰዓት ቢሰማ የሚቻል ይባላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ ሰርኩላር እንጨት ሲይዝ እዚያ ይደርሳል። አያ ዛሬ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ የምነግራቸውን ነገር ሁለት ጊዜ እንድደግምላቸው ይጠይቁኛል። አዛንም ከሩቅ አይሰማቸውም፤ ሰዓታቸውን እያዩ ነው የሚነሱት። እሳቸው ወጣት ሳሉ ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ ሥራ ቤታችን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ስሙ የተጻፈበት የጆሮ መከላከያ አለ። አንዱን ለሦስት ሰው ማዋስ አይሆንም፤ ላብ አለው፣ ደግሞም ሰው የሌላውን ማድረግ ይጠየፋል፣ ተጠይፎም ይተወዋል።

የእንጨት ብናኝ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 እንደ ፈረንጆቹ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል፤ በተለይ የአፍንጫ። በኮሮና ጊዜ የለመድነው የጨርቅ ማስክ ደቃቁን አያስቀረውም፤ ኤን 95 የሚባለው ይሻላል፣ አፍንጫ ላይ ያለውን ሽቦ ጫን ብላችሁ ፊት ላይ ከገጠመ። ከደቀቀ እንጨትና ኮላ የተጨመቀውን ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ያለ እሱ አትጀምሩ። ሲጠረግም በደረቁ አቧራውን አታስነሱት፤ ውሃ ርጭት ይደረግበት።

ስለ ድካምም ልናገር። በረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ሰው ዓይኑ ይደክማል። ሥራ ቤታችን ውስጥ ሁለቱም አሉ። በእነዚህ ወራት መጋዝ የሚነካው ጠዋት ብቻ ነው፤ ከቀትር በኋላ ማለስለስ፣ ኮላ መቀባት፣ መገጣጠም። ደንበኛ ቢቸኩልም ይህ አይቀየርም። መብራት ቀን ጠፍቶ ማታ ሲመጣም «ሌሊቱን እንጨርሰው» አንልም።

ለሠራተኞች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዛል። መነጽር መጠየቅ ነውር የለበትም። «ፈሪ» የሚላችሁ ካለ ለእኔ ላኩት፤ እኔ አነጋግረዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እጅ ቢቆረጥ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ሠራተኛ ይወቀው። ማሽኑን አጥፉ። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ አድርጉ፣ ደሙ ቆመ ወይ ብላችሁ ጨርቁን እያነሳችሁ አትዩ። ቡና፣ ሰጋቱራ፣ ቤንዚን አይደረግበትም። የተቆረጠ ጣት ካለ እያሻችሁ አታጥቡት፤ በንጹሕ ውሃ እርጥብ ባለ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ፣ ፌስታሉን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አድርጉት። በረዶው ጣቱን በቀጥታ እንዳይነካው፤ ያቃጥለዋል። እኛ ፌስታሉንና ንጹሑን ጨርቅ በአንድ ሣጥን ውስጥ አድርገን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ በረዶ ከጎረቤት ጁስ ቤት እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የሁለት የሰፈር ሹፌሮች ስልክ በትልቁ ተጽፏል፤ የሚቀድመው ይምጣ። የተቆረጠበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት።